ቧንቧውን ማን ክፍት ተወው?

ውኃው የመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጎንደር የኖረ ሰው ይህችን ብቻ አንብቦ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ቀን ላይ ውኃ የለም። አንዱ መጥቶ ቧንቧውን ይከፍታል፤ ፍሽሽ ይልበታል፤ ተናዶ ሳይዘጋው ይሄዳል። ሲንኩ ውስጥ ደግሞ ያልታጠበ ሳፋ የፍሳሹን አፍ ደፍኖ ተቀምጧል። ሁላችንም ለጥ ብለን በተኛንበት ፈረቃችን ደረሰና ውኃው መጣ፣ ሲንኩ ሞላ፣ ከዚያ በኋላ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ እየያዘ ወረደ። ጠዋት እማዬ ኪዳን ልታደርስ ስትነሳ ኮሪደሩ ላይ እግሯ እርጥብ ምንጣፍ ረገጠ።

«ቧንቧውን ማን ክፍት ተወው?»

እኔ አይደለሁም። ወንድሜ አይደለም። የእህቴ ልጅ «እኔ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነበርኩ» አለ፤ ቅዳሜ ነበር። እማዬ ደግሞ አትጠየቅም። ጥፋተኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ውኃውን ጠረግን፣ ምንጣፉን አሰጣን፣ አለቀ አልን። አላለቀም። በሦስተኛው ቀን ሲንኩ አጠገብ ሽንኩርት ልከትፍ መክተፊያዬን ሳስቀምጥ ይወዛወዛል። ገልብጬ ባስቀምጠውም ይወዛወዛል። በእጄ ብዳስሰው የካቢኔቱ ላይኛው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ያቺን ኩፍ ያለች ቦታ ለማስተካከል አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የተሳካልኝ። አሁን ቤት የሚመጣ ሁሉ «በምን አሠራሽው?» ይለኛል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱኑ ነበር፤ ገንዘቤ በከንቱ የፈሰሰውም ለዚያ ነው።

ስለ ኪችናችን ትንሽ ልንገራችሁ። እንጀራ የሚጋገረው ውጭ፣ ማድቤት ነው። የውስጡ ኪችን ለወጥ፣ ለሻይና ለመክተፍ ነው። ሲንኩ መሀል ላይ አለ። በስተግራው ያለው አባቴ ቤቱን ሲያሠራ በ1984 ዓ.ም. ከግድግዳው ጋር አብሮ የተገነባ፣ ቀይ ሊሾ የተመታ የሲሚንቶ ማስቀመጫ ነው። እኛ «መደቡ» እንለዋለን። በስተቀኙ ያለው ሲንኩን ጭምር የያዘው ካቢኔት ነው። በ2004 ዓ.ም. እኔ ሥራ የያዝኩ ሰሞን በመጀመሪያ ደሞዞቼ ያሠራሁት። ቺፕውድ ነው፣ ላዩ ፎርማይካ። ያኔ መደቡ ያሳፍረኝ ነበር። የገጠር ቤት ይመስላል እል ነበር። እንግዳ ሲመጣ የማሳየው ካቢኔቱን ነው።

ፎርማይካ ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ልባስ ነው። የቀረው ሁሉ ከሥሩ ያለው ቺፕውድ ነው፣ ማለትም በሙጫ ተጨፍልቆ የተጠፈጠፈ የእንጨት ፍቅፋቂ። ላዩ ውኃ ቢፈስበት ግድ የለውም። ጫፉና መጋጠሚያው ግን፣ ለሲንኩ ተብሎ በመጋዝ የተቆረጠው አፉ ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ ውኃ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። አንዴ ጠጥቶ ካበጠ ደርቆም ወደ ቦታው አይመለስም። ፍቀህ ልታስተካክለው ብትል ልባሱ ቀጭን ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ ሲፈተግ ያልቅና ፍቅፋቂው ይወጣል። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። ሲደርቅ ይመለሳል ብዬ ሁለት ወር ጠበቅሁ።

ከዚያ ስቲከር ገዛሁ።

ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ነጭ ሆኖ ግራጫ ጅማት ያለው፣ እብነ በረድ የሚመስል ጥቅል። ዋጋው ርካሽ ነው፣ መለጠፉም ቀላል ነው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። ዞር ዞር ብላ አየችውና «ያምራል። መቃብር ይመስላል» አለች።

ስቲከሩ አምስት ሳምንት ቆየ። መጀመሪያ ጀበና የተቀመጠበት ቦታ ተኮማተረ። ቀጥሎ ቢላ የነካው ቦታ ተሰነጠቀ። በሲንኩ ዙሪያ ጫፉ ተነሳ፣ ውኃ ከሥሩ ገባ፣ መውጫ አጣ። አንድ ቀን ጠዋት የሚሸት ነገር ፍለጋ ቆሻሻ መጣያውን አወጣሁ፣ ሳፋዎቹን አጠብኩ፣ ሽታው ግን አለ። በመጨረሻ የስቲከሩን ጫፍ ይዤ ስስበው ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ አብሮት መጣ። አልሸሹም ዞር አሉ ይሉሃል ይሄ ነው። እብጠቱን ሸፈንኩት እንጂ አልነካሁትም፤ ጭራሽ እርጥበቱን አፍኜ አበሰበስኩት።

ስቲከርን ግን በደፈናው አልሰድብም። ተከራይ ከሆናችሁና አከራያችሁ ምስማር እንኳ የማያስመቱ ከሆኑ፣ ደህና መሠረት ላይ፣ ከእሳቱና ከሲንኩ ራቅ አድርጋችሁ ብትለጥፉት ይሠራል። ለመደርደሪያ ውስጥና ለግድግዳ ጥሩ ነው። ከመለጠፉ በፊት ግን ቅባቱ በደንብ መጠረግ አለበት። እኛ ቤት የዘይትና የበርበሬ ጢስ ያልነካው ቦታ ስለሌለ በሳሙና ታጥቦ ደርቆ እንደገና በአልኮል ካልተወለወለ አይዝም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው አማካሪ ሆነ።

ጎረቤታችን «ዘይት ቀለም አስቀቢው» አለችኝ። እሷ አስቀብታ ነበር። ሄጄ አየሁት፤ ሁለት ወር ባይሞላውም ሽንኩርት ሲከተፍ ቀለሙም አብሮ ይከተፋል። ለበርና ለመስኮት የተሠራ ቀለም ምግብ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ምን ይሠራል? ይህን አልፈዋለሁ።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ያየውን ኤፖክሲ አመጣ። ሁለት ፈሳሽ ይቀላቀላል፣ ይፈሳል፣ እንደ መስታወት ያበራል። ቪዲዮው ልብ ይሰርቃል። እኔም ተሰርቄ ነበር። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ሁለቱ ፈሳሾች በተባለው ልክ ካልተመዘኑ አይደርቅም፣ ለዓመት ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ሲደርቅ አቧራ ከነካው አብሮት ይደርቃል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ መንገዱ ያልተነጠፈ ነው፣ በጋ ላይ መስኮት ከፍቶ አቧራ የለም ማለት ዘበት ነው። መስኮት ዘግቶ መሥራት እንዳይባል ሽታው ለሳንባ አይሆንም። ፀሐይ ሲያገኘው እየቆየ ቢጫ ይሆናል። የጋለ ድስት በቀጥታ ሲያርፍበት ምልክት ይይዛል። ይህ ሁሉ እንኳ ቢቀር እቃው ከውጭ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ዋጋ ምን እንደሆነ ለማንም አልነግርም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የብር መጠን ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው፤ ዛሬ ብጽፈው ለወሩ አይሆንም።

ከሁሉም ያደናበረኝ ግራናይቱ ነው። «አንዴ አውጥተሽ እፎይ በይ» ይላሉ። እውነት ነው፣ ግራናይት ዕድሜ ልክ ነው። ሙቀት አይፈራም፣ ሎሚ አይፈራም፣ ቢላ ይዶለዱማል እንጂ እሱ አይጫርም። ሄጄ ዋጋ ጠየቅሁ። የነገሩኝ የድንጋዩን የካሬ ዋጋ ነው። ቀስ እያለ ሌላው መጣ፤ የሲንኩ ቀዳዳ ለብቻ፣ የፊት ጠርዙ መሞረጃ ለብቻ፣ ከግድግዳው ጋር የምትቆመው ቅጥያ ለብቻ፣ ማጓጓዣ ለብቻ። ድንጋዩ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ከምናምን፤ መንገድ ላይ ቢሰበርስ ስል ሰውየው «እግዜር ያውቃል» አለኝ። ዋስትናው ይሄው ነው።

ወጥቼ ልሄድ ስል አንድ ነገር አሳየኝ። ከሌላ ሰው ሥራ የተረፉ ቁርጥራጮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እነዚህ በግማሽ ዋጋም ባነሰም ይሸጣሉ። ነጣ ያለችውን አንሥቶ «ይቺ ግራናይት ናት፣ ለአንቺ ትበቃለች» አለኝ። ታዲያ የዚያን ቀን ከቅዳሜ ገበያ መምጣቴ ነው፣ ፌስታሌ ውስጥ ሎሚ ነበር። አባቴ ድሮ የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ። አንዷን ሎሚ በጥርሴ ከፈትኩና ድንጋዩ ጥግ ላይ ጠብ አደረግሁ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ያየኛል። ስለ ልጆቹ ስለ ኑሮው እየጠየቅሁ ዐሥር ደቂቃ ያህል አቆየሁትና በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። የሎሚው ቦታ ደብዝዟል። በአግድም ስታይው ልክ ላብ እንደነካው መስታወት።

እብነ በረድ ነበር። እብነ በረድ በባሕርዩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ አሲድ ሲነካው ይበላል። በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በቲማቲም ጭምር። እድፍ ቢሆን ይታጠባል፣ ይሄ ግን ድንጋዩ ራሱ ስለሚጎድል እንደገና ካልተሞረደ አይለቅም። ሲሚንቶና የእብነ በረድ ጠጠር የሆነው ቴራዞም እንደዚያው ነው፤ እሱ ግን ወፍራም ስለሆነ ተሞርዶ ተወልውሎ ስንት ጊዜ ይታደሳል፤ ያለው ሰው እንዳያፈርሰው። ለመታጠቢያ ቤት እብነ በረድ ይሁን። ሎሚ፣ አዋዜና ቲማቲም ለሚውልበት የሐበሻ ኪችን ግን በየቀኑ መናደድ ነው። ሰውየው ተቆጣ ብላችሁ ነው? ሳቀ። «ልጅቷ የማርያም ጠላት ነሽ» ብሎ ሸኘኝ።

እንጨትም አስቤ ነበር። አናጢው የዋንዛ ጣውላ አሳየኝ፤ ቀለሙ እንዴት ያምራል። እንጨት ጥሩነቱ ሲጫር ይፋቃል፣ ሲደበዝዝ ዘይት ይጠጣል። ዘይቱ ግን የሚደርቅ ዘይት መሆን አለበት፣ እንደ ተልባ ያለ። የምግብ ዘይት ብለን የምንገዛው የፓልም ዘይት አይደርቅም፣ እየቆየ ይሸታል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ራሱን በራሱ ሊያነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። ዋንዛውን ለሲንክ ዙሪያ ግን አልደፈርኩም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ሲንክ ዙሪያ ሁሌ ጀሪካን አለ፣ ጀሪካን ባለበት ሁሌ ጠብታ አለ። አንድ ደህና መክተፊያ አሠርቼ ተመለስኩ።

በዚህ መሀል የወንድሜ ሚስት ከአዲስ አበባ ደወለች። ለጥምቀት ሰባት ሆነው እንደሚመጡ። ጥምቀት ጎንደር ላይ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ ጥር 10 እና 11 ከተማው ውስጥ ባዶ ፍራሽ አይገኝም። ጊዜው ጥቅምት ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ግንበኛ አሉ፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ዋጋ ብቻ ልጠይቃቸው ብዬ ጠራኋቸው። ገብተው ካቢኔቱን አላዩትም። ተንበርክከው የካቢኔቱን በር ከፍተው ከሲንኩ ሥር እጃቸውን ሰደዱ፣ ቧንቧውን ዳሰሱ፣ ጣታቸውን አሸቱት። ከዚያ ተነሥተው መደቡን በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉ።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«አባቴ ያሠራው ነው።»

«ሎሚ አለሽ እታለም?»

ይህቺ ሎሚ መቼም አልለቀቀችኝም። ሰጠኋቸው። መደቡ ጫፍ ላይ፣ ግድግዳው ጋ አስቀመጧት። ሎሚዋ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ቀስ ብላ መንከባለል ጀመረች። ጠማማ ስለሆነች እየተወላገደች ሄደች ሄደችና ሲንኩ ውስጥ ጠብ አለች። ሎሚዋን አወጡና ካቢኔቱ ላይ አስቀመጧት። እብጠቱ ላይ ወጣች፣ ወደ ፊት ወደ እኔ ተንከባለለች፣ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚያ መደብ ላይ ስንሠራ ወደ ሲንኩ ዘንበል ማለቱን አላየንም። ከዳር እስከ ዳር የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ነው ዝቅ የሚለው። ድስት አያንሸራትትም፣ ውኃን ግን ይመልሳል። በዚያ ሌሊት መደቡ ላይ የፈሰሰው ሁሉ ወደ ሲንኩ ተመልሷል፤ ካቢኔቱ ላይ የፈሰሰው ግን ዝርግ ላይ ቆሞ፣ መጋጠሚያውን አግኝቶ፣ ገብቷል። ጋሼ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ። የሲንኩ የፍሳሽ ማያያዣ ላልቶ ከዚያ ሌሊት በፊትም ጠብ ጠብ ይል ነበር። ሌሊቱ ጨረሰው እንጂ አልጀመረውም።

እንግዲህ ስቲከር፣ ቀለም፣ ኤፖክሲ፣ ግራናይት እያልኩ የዞርኩት ሁሉ ከላይ ምን ላልብስ ነበር። ከሥር የሚንጠባጠበውን ማንም አላየውም። ቀድሜ ባየው ኖሮ ማያያዣውን ለመቀየር የሚያስፈልገው የሁለት ሻይ ዋጋ የማትሆን ጎማ ነበረች።

ካቢኔቱ ይነሣ ተባለ። ላዩ ብቻ፤ የሥሩ በሮችና መደርደሪያዎች ደህና ነበሩ። በፈንታው አባቴ እንዳደረገው አርማታ እንሙላ፣ ላዩን ሴራሚክ እናልብሰው። ሂሳቡን አብረን ሠራን። ቦታው 1 ሜትር ከ80 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው። 60 በ60 የሆነ ፖርሲሊን የሚሉት ሴራሚክ ሦስት ፍሬ ልክ ይሸፍነዋል፤ መጋጠሚያው ሁለት መስመር ብቻ። አራተኛው ተቆርጦ የፊት ጠርዙ ይሆናል። አራት ፍሬ አንድ ካርቶን ነው! ጎረቤት ሕንፃ ሲሠሩ የተረፋቸው ሁለት ካርቶን ነበረ፣ በለቅሶ ቤት ተነጋግረን በቅናሽ ወሰድኩ። ትንንሹ ሴራሚክም ይሠራል፣ ግን መጋጠሚያው በበዛ ቁጥር እርድና በርበሬ የሚይዝ መስመር ይበዛል። ፖርሲሊን ራሱ ውኃ የማይጠጣ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚቆሽሸው ሁሌ መስመሩ ነው።

ኅዳር 15 ጾም ገባ። እማዬ ጾም ላይ ማብሰል ይቀንሳል፣ ያኔ ሥሩ ብላ የፈቀደችው ነው። ኅዳር 18 አርማታው ተሞላ። በሁለቱ ጫፍ ብሎኬት ቆመ፣ አርማታው የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ፣ ካሳፎርማ የሚሉት፣ ተመታ፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ተዘረጋ፣ ውፍረቱ ሰባት ሴንቲ። ጋሼ ውኃ ልካቸውን አስቀምጠው ሆነ ብለው አጣመሙት፣ ወደ ሲንኩ። አንድ ነገር ሲያደርጉ ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ካሳፎርማው ላይ፣ ከፊት ጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ ቁራጭ የኤሌክትሪክ ገመድ ከዳር እስከ ዳር በምስማር መቱ። «ካሳው ሲነሣ ታይዋለሽ» አሉኝ።

ሲሚንቶ እንዲጠነክር ቢያንስ ሳምንት እርጥብ መሆን አለበት። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ላዩም ዱቄት ይሆናል። ጆንያ አልብሰን ጠዋት ማታ ውኃ እናጠጣዋለን። ውኃው በፈረቃ ነው፣ ሲሚንቶ ደግሞ ፈረቃ አያውቅም። አንድ ጀሪካን ለእሱ ብቻ ተመደበ፣ ማንም እንዳይነካው። እማዬ «እኔ በጀርባው ታሞ የተኛ ሰው የማጠጣ ይመስል» እያለች ታጠጣው ነበር፣ ግን አንድም ቀን አልረሳችም።

ሃያ ስምንት ቀን ጠብቁ ይባላል፣ ጠበቅን። በዚያ መሀል መደቡን አደስን። ይህ ነው እንግዲህ ከሁሉ ርካሹ፣ ለእኔም ከሁሉ የተወደደው።

ሊሾው በሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፣ ጠርዙ ላይ ሙቀጫ ያረፈበት ቦታ ተሸርፏል። ጋሼ በሳንቲም እየመቱ ጆሯቸውን አስጠጉ። ደህናው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፤ ከሥሩ የለቀቀው ባዶ እንስራ ይመስላል። ባዶ የሚለውን ብቻ ፈለፈሉት። አጥበው፣ አርሰው፣ ውኃ የበዛበት ሲሚንቶ፣ ቦያካ የሚሉትን፣ በብሩሽ ቀቡት፤ ያለዚያ አዲሱ አሮጌውን አይዝም። ከዚያ አንድ ለሦስት ሲሚንቶና አሸዋ፣ ላዩን ከቀይ ቀለም ዱቄት ጋር የተለወሰ ሲሚንቶ፣ በብረት ማለስለሻ እየታሸ እየታሸ እስኪያበራ። እኔ ሲሚንቶ ቢበዛ ይጠነክራል ብዬ «ይጨመር» ስል እሳቸው እምቢ አሉ። የበዛበት ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ተሸብሽቦም አሮጌውን ይዞ ይሰነጥቃል። «ፋሲል ግቢን አላየሽም?» አሉኝ። ግንቦቹ በድንጋይና በኖራ የቆሙ ናቸው። በጣልያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ፣ ኋላ ግን ጥገናው አይስማማውም ተብሎ በኖራ ወደ ማረም ተገባ። እንግዲህ የእኛን ኪችን ከፋሲል ጋር ያወዳደረ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። እማዬ ግን ደስ አላት፣ ለሰው ሁሉ ተናገረችው።

ቀለሙ አልገጠመም። ልንገራችሁ፣ አይገጥምም። የሠላሳ ዓመት ቀይ ከዛሬ ቀይ ጋር አንድ አይሆንም። ጥገናው ይታያል፣ የሙቀጫው ቦታ እንደ ጠባሳ ደመቅ ብሎ ተቀምጧል። ሲደርቅ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ ከምትሸጥ ሴት የማር ሰም ገዛሁና በተልባ ዘይት ቀስ አድርጌ አቅልጬ፣ በጨርቅ ቀባሁት፣ አድሮ ወለወልኩት። እጄን ሳሳርፍበት እንደ ቆዳ ለስላሳ ነው። የጋለ ድስት ሲቀመጥበት ሰሙ ይቀልጥና ነጣ ያለ ክብ ይቀራል፤ እንደገና ትቀባለህ፣ ይጠፋል። ሎሚም ሲሚንቶን ይበላልና ሲፈስ ቶሎ መጥረግ ነው።

ሴራሚኩ ታኅሣሥ 17 ተለጠፈ። ያለ ጣጣ አላለፈም። ረዳቱ ለሲንኩ ሲቆርጥ ማእዘኑን በግራይንደር ቀጥ አድርጎ ወሰደው፣ ጣ! ብሎ ከማእዘኑ እስከ ጠርዝ ተሰነጠቀ። ለካ ማእዘኑ ላይ መጀመሪያ በድሪል ክብ ቀዳዳ ይበሳና መቁረጡ እዚያ ድረስ ነው፤ ሹል ማእዘን የስንጥቅ መነሻ ነው። ሁለተኛው ካርቶን ለዚያ ቀን የተፈጠረ ነበር። የሲንኩ ዙሪያ ሲሊኮን ተደረገ። አሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲሱ አይዝም፣ ሙልጭ ተደርጎ ተፍቆ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ነው የሚቀባው። አንድ ሙሉ ቀን ውኃ አይነካውም። የፍሳሿ ጎማም ተቀየረች።

ካሳው ሲነሣ ከጠርዙ ሥር ገመዱ የነበረበት ቦታ ቀጭን ቦይ ሆኖ ቀርቷል። ከፊት የፈሰሰ ውኃ ጠርዙን ተከትሎ በሆዱ ስር ወደ ካቢኔቱ ሊገባ ሲል ቦይዋ ጋ ሲደርስ መሻገር ያቅተውና ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ገመዱን መልሰው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ጠቅላላ ወጪው ለግራናይቱ ከተጠየቅሁት አንድ አምስተኛው ገደማ ነው፣ የመጀመሪያውን ስቲከር ጨምሬ። ያማረ ነገር አይጠብቅ የሚመጣ ሰው። ግማሹ ግራጫ ፖርሲሊን፣ ግማሹ ጠባሳ ያለው ቀይ ሊሾ ነው። የወንድሜ ሚስት ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ቀዩን ነው። «ይሄን የት አገኛችሁት? አዲስ አበባ ካፌዎቹ ሁሉ እንዲህ እያሠሩ ነው» አለች። ሃያ ዓመት አፈርኩበት እኮ።

የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ ጠዋት ነው። ቤቱ በፍራሽ ተሞልቷል። ውኃ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ገና ሳይነጋ ለሻይ ውኃ ልጥድ ኪችን ስገባ እግሬ ውኃ ረገጠ። ልቤ ዘለለ። ቧንቧው እየፈሰሰ ነው፣ ሲንኩ የሰሃን ተራራ ይዞ ሞልቶ ከፊት ለፊት እየወረደ ነው። ዘጋሁትና በስልኬ መብራት ተንበርክኬ የካቢኔቱን በር ከፈትኩ። እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። የዱቄቱ ከረጢት ደረቅ። የሽሮው ዕቃ ደረቅ። መደርደሪያው ደረቅ። ውኃው ቦይዋ ላይ እየተሰበሰበ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ጠብ ይላል።

መወልወያ ይዤ ስነሣ በሩ ላይ እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ከኋላዋ የወንድሜ ሚስት፣ ከእሷ ኋላ የእህቴ ልጅ። ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«ማን ነው ክፍት የተወው?» አለች እማዬ።

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።